ኬላ ላይ የቆመ መኪና፦ ብርበራ፣ ማስረጃና የፍርድ ቤት ሚና ከዳባት እስከ ሊማሊሞ

1. መግቢያ

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በወቅን አድርጎ ደባርቅ የሚደርሰው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከደባርቅ በኋላ አንዱ መንገድ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል፤ ሌላው ወደ ሳንቃ በርና ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይዘልቃል። ገብሱን ለገበያ የሚያወርድ ገበሬ፣ ለሕክምና ወደ ጎንደር የሚሄድ ሕመምተኛ፣ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና ፓርኩን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ የሚሳፈሩት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። በየትኛውም አገር እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የሚጓዝ ሰው ከሕግ ጋር በአብዛኛው የሚገናኘው ፍርድ ቤት ውስጥ አይደለም፤ መኪናው ሲቆም፣ መንጃ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ አንዳንዴም ተሳፋሪው እንዲወርድና ጓዙ እንዲፈታ ሲታዘዝ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህን ቅጽበት ነው። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ሊቀመጥ ይችላል፦ በትራፊክ ቁጥጥር ምክንያት የቆመን መኪናና በውስጡ ያለን ጓዝ ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊበረብር የሚችለው መቼ ነው? ከሕግ ውጭ በሆነ ብርበራ የተገኘ ዕቃ ለፍርድ ቤት በማስረጃነት ሲቀርብስ ዳኛው ምን ማድረግ ይገባዋል?

ነገሩን ለመጨበጥ የሚከተለው ምናባዊ ሁኔታ ይታሰብ። ከዳባት ወደ ደባርቅ የሚጓዝ አንድ ሚኒባስ ትርፍ ሰው በመጫኑ በትራፊክ ፖሊስ ይቆማል። ሾፌሩ ይቀጣል። ከዚያም ፖሊሱ ረዳቱን ጣሪያ ላይ ያለውን ጭነት እንዲያወርድ ያዘዋል፤ ጆንያዎቹ አንድ በአንድ ይፈታሉ። ከአንደኛው ጆንያ ውስጥ በገብስ መካከል በጨርቅ የተጠቀለለ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ይገኛል። የጆንያው ባለቤት አንድ ወጣት ነው፤ ጆንያውን ደባርቅ እንዲያደርስ ከሰው የተቀበለው መሆኑንና ገብስ እንጂ ሌላ ነገር እንዳለበት እንደማያውቅ ይናገራል። መጽሐፉ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የተሰረቀ መሆኑ በኋላ ይረጋገጣል፤ ወጣቱም የተሰረቀ ዕቃ በመሸሸግ ይከሰሳል። የመጽሐፉ መገኘት ሁሉን ያስደስታል። ጆንያው የተፈታበት መንገድ ግን ከመጽሐፉ ተለይቶ መመርመር ያለበት ጉዳይ ነው።

2. አንድ ፍተሻ፣ ሦስት ድርጊቶች

በዕለት ተዕለት ንግግር «መኪናው ተፈተሸ» ሲባል ሦስት የተለያዩ ድርጊቶች በአንድ ቃል ይጠቃለላሉ። የመጀመሪያው ማስቆም ነው። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብን የመሳሰሉ ሕጎች ዓላማቸው የመንገድ ደኅንነት ነው፤ የትራፊክ ፖሊስ መኪና የሚያስቆመውም የመንጃ ፈቃድን፣ የመኪናውን ብቃት፣ የጭነቱንና የተሳፋሪውን ልክ ለመቆጣጠር ነው። ሁለተኛው ብርበራ ነው፤ ይኸውም ከዓይን የተሰወረን ነገር ለማግኘት የሰውን ገላ፣ ኪስ፣ ቦርሳ ወይም ጆንያ መመርመር ነው። ሦስተኛው የተገኘውን ነገር ይዞ በሰው ላይ ማስረጃ ማድረግ ነው።

ለአንደኛው ድርጊት የተሰጠ ሥልጣን ለሁለተኛው አይበቃም። ትርፍ ሰው መጫኑን ለማረጋገጥ ተሳፋሪ መቁጠር ይበቃል፤ ጆንያ መፍታት ስለ ተሳፋሪው ብዛት የሚጨምረው ዕውቀት የለም። ስለዚህ ፖሊሱ ጆንያውን ሲፈታ የትራፊክ ቁጥጥሩ ተፈጽሟል፤ የተጀመረው ሌላ ድርጊት ነው፤ ለዚህም ሌላ ሕጋዊ መሠረት ያስፈልገዋል።

3. የሕጉ ይዘት

በኢትዮጵያ ሕግ ከብርበራ የመጠበቅ መብት ከአሁኑ ሕገ መንግሥት ይቀድማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 11 ሕግ ከፈቀደው ሁኔታ በቀር ማንም ሰው ነፃነቱ ሊገደብ ወይም ሊበረበር እንደማይችል ይደነግጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ይህን ጥበቃ የመብት ምዕራፍ አካል አድርጎ አስፍቶታል። ጥበቃው መኖሪያ ቤትን ብቻ ሳይሆን የሰውን አካልና ንብረት፣ በእጁ ያለ ዕቃ እንዳይያዝበትም ጭምር ይሸፍናል። በንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በተዘረዘሩ ዓላማዎች ላይ በተመሠረተ ዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። ከዓላማዎቹ መካከል ወንጀልን መከላከልና የሕዝብን ሰላም ማስጠበቅ ይገኙበታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዓላማ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ወንጀልን ለመከላከል የተደረገ ብርበራ ሁሉ ሕጋዊ አይሆንም፤ ዓላማውን የሚያስፈጽም ዝርዝር ሕግ መኖር አለበት።

ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን ዝርዝር በአንቀጽ 32 እና 33 ያስቀምጣል። አንቀጽ 32 ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያያል። አንደኛው የተያዘ ሰው ነው። የተያዘ ሰው የሚበረበረው ለተጠረጠረበት ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ነገር በላዩ ይዟል ተብሎ በምክንያት ሲጠረጠር ሲሆን፣ በርባሪው ከተበርባሪው ጋር ተመሳሳይ ጾታ ያለው መሆን ይኖርበታል። ሁለተኛው ቤትና መሰል ቦታ ነው። ይህ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ አይበረበርም፤ ልዩ ሁኔታዎቹም ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው እግር በእግር የሚከታተሉት ወንጀለኛ ወደ ቦታው ሲገባ ወይም የወንጀሉን ፍሬ እዚያ ሲጥል ነው። ሁለተኛው ክስ ወይም አቤቱታ ለቀረበበትና ከ3 ዓመት በላይ እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ዕቃ በአንድ ቦታ መደበቁን የሚያመለክት መረጃ ለፖሊስ ሲደርስና ማዘዣ እስኪመጣ ዕቃው ይሸሻል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲታመን ነው።

አንቀጽ 33 ደግሞ ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጥቀስ እንዳለበት፣ የተያዘው ዕቃ ተዘርዝሮ በተቻለ መጠን በገለልተኛ ሰው መረጋገጥ እንዳለበት፣ ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላዘዘ በቀር ብርበራው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲፈጸም ይደነግጋል።

ያለ ማዘዣ ስለ መያዝ የሚናገረው አንቀጽ 51 ነው። በዚህ መሠረት ፖሊስ ከ1 ዓመት የማያንስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ፈጽሟል ወይም ሊፈጽም ነው ብሎ በምክንያት የጠረጠረውን፣ እንዲሁም የተሰረቀ ነው ተብሎ በአግባቡ ሊጠረጠር የሚችል ዕቃ ያለ በቂ ምክንያት የያዘን ሰው ሊይዝ ይችላል። ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው፤ ጥርጣሬው ከመያዙ፣ መያዙ ደግሞ ከብርበራው ይቀድማል። ጆንያው ከተፈታ በኋላ በተገኘው ነገር ጥርጣሬውን ወደ ኋላ መልሶ መፍጠር አይቻልም።

4. መኪና ከየትኛው ይመደብ?

አንቀጽ 32 ስለ ተያዘ ሰውና ስለ ቤት እንጂ ስለ ተሽከርካሪ በስም አይናገርም። ሕጉ ሲወጣ በሊማሊሞ ቁልቁለት የሚያልፈው መኪና ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ግን የሕጉ ዝምታ በየቀኑ የሚያጋጥም ጥያቄ ሆኗል። ዝምታውን በሦስት መንገድ መረዳት ይቻላል።

የመጀመሪያው መረዳት ሕጉ መኪናን ስላልጠቀሰ ፖሊስ አይገደብም የሚል ነው። ይህ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም። በአንቀጽ 26 መሠረት መብቱ ያለ ዝርዝር ሕግ አይገደብም፤ ስለዚህ ሕግ ዝም ባለበት ቦታ የሚጸናው መብቱ ነው። በዚህ ላይ ሕግ አውጪው መኪና እንዲፈተሽ በፈለገ ጊዜ በግልጽ ጽፎ ያውቃል። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ለጉምሩክ ሹማምንት ኮንትሮባንድ ለመቆጣጠር ማጓጓዣዎችን የመፈተሽ ሥልጣን ሰጥቷል። በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 የተተካው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ደግሞ በአንቀጽ 16 ተሽከርካሪንና እግረኛን አስቁሞ ድንገተኛ ፍተሻ ማድረግን ፈቅዶ ነበር። በጥብቅነቱ ብዙ የተተቸው ይህ አዋጅ እንኳ ምክንያታዊ ጥርጣሬንና የፌዴራል ፖሊስ ዋና ዳይሬክተር ወይም የወኪሉን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። መደበኛው ሕግ ዝም በማለቱ ብቻ ትርፍ ሰው የጫነ ሚኒባስ ለሽብር ከተጠረጠረ መኪና ያነሰ ጥበቃ ይኖረዋል ማለት የሕጎቹን አጠቃላይ አሠራር ያፋልሳል።

ሁለተኛው መረዳት መኪና እንደ ቤት ይቆጠርና ሁልጊዜ ማዘዣ ይጠየቅ የሚል ነው። ይህም ከመንገዱ እውነታ ጋር አይሄድም። ቤት ባለበት ይቆያል፤ ከደባርቅ የወጣ መኪና ግን ማዘዣ እስኪጻፍ ድረስ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ይደርሳል። ተሳፋሪን ሁሉ በብርድ ሜዳ አቁሞ ማዘዣ መጠበቅም ከብርበራው የባሰ መጉላላት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛውና የተሻለው መረዳት የአንቀጽ 32 ልዩ ሁኔታ ለመኪናም እንዲሠራ ማድረግ ነው። ድንጋጌው ስለ መዘግየትና ስለ ዕቃ መሸሽ የሚናገር እንደ መሆኑ ከቤት ይልቅ ለመኪና ይበልጥ ይስማማል። በዚህ አተረጓጎም ፖሊስ ማዘዣ ባይኖረውም ሦስት ነገሮችን ማሳየት ይጠበቅበታል፤ እነርሱም አቤቱታ የቀረበበት ከባድ ወንጀል መኖሩ፣ ማስረጃው በዚያ መኪና ውስጥ መሆኑን የሚያመለክት መረጃ አስቀድሞ መገኘቱና መዘግየት ዕቃውን የሚያሳጣ መሆኑ ናቸው።

ምናባዊው ጉዳይ በዚህ ሚዛን ሲለካ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች መጽሐፉ መሰረቁን በማለዳ ለፖሊስ አመልክተው ቢሆን፣ መጽሐፉ በገብስ ጆንያ ተደብቆ በዚያ ሚኒባስ መጫኑን የሚናገር ጥቆማም ደርሶ ቢሆን ኖሮ ብርበራው ሕጋዊ በሆነ ነበር። ያለ አቤቱታና ያለ ጥቆማ፣ ትርፍ ሰው በመጫኑ ብቻ በቆመ መኪና ላይ ጆንያውን ሁሉ መፍታት ግን መሠረት የለውም። ጆንያው ያው ነው፤ መጽሐፉም ያው ነው። ብርበራዎቹን የሚለያቸው ጆንያው ከመፈታቱ በፊት ፖሊሱ የሚያውቀው ነገር ነው።

5. የሌሎች አገሮች ፍርድ ቤቶች የሄዱበት መንገድ

ጥያቄው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1925 በካሮል ጉዳይ በመኪና መቀመጫ ውስጥ ተደብቆ የተገኘ የአልኮል መጠጥን ሲመረምር፣ መኪና ተንቀሳቃሽ በመሆኑ ማዘዣ የማያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ ተቀበለ። በዚያው ፍርድ ግን ከብርበራው በፊት በቂ ምክንያት መኖር እንዳለበት አጽንቷል። ተንቀሳቃሽነት ማዘዣን እንጂ ምክንያትን አያስቀርም ማለት ነው።

ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 በፕራውስ ጉዳይ ምንም ጥፋት ያልታየበትን መኪና መንጃ ፈቃድ ለማየት በሚል በዘፈቀደ ለይቶ ማስቆምን ከለከለ። ኬላን በተመለከተ ደግሞ ዓላማን መለያ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1990 በሲትዝ ጉዳይ ጠጥቶ መንዳትን ለመቆጣጠር ሁሉንም መኪና የሚያስቆም ኬላን ሲፈቅድ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በኤድመንድ ጉዳይ በጥቅሉ ወንጀል ለማደን የተተከለ ኬላን ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በጋንት ጉዳይ የታገደ መንጃ ፈቃድ ይዞ በማሽከርከሩ ተይዞ፣ እጁ ታስሮ በፖሊስ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው መኪናው መበርበሩን አልተቀበለም፤ በመኪናው ውስጥ ስለ መንጃ ፈቃዱ የሚፈለግ ማስረጃ አልነበረምና።

በአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት የታየው የጊላንና ኩዊንተን ጉዳይም ለኢትዮጵያ አንባቢ ትምህርት አለው። ሁለቱ ሰዎች ለንደን ውስጥ በጦር መሣሪያ ትርኢት አካባቢ የተፈተሹት የእንግሊዝ የሽብር ሕግ ያለ ምንም ጥርጣሬ መፈተሽን ስለ ፈቀደ ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጥር 2010 ሥልጣኑ ሰፊና በቂ መቆጣጠሪያ የሌለው በመሆኑ የግል ሕይወት መከበርን እንደሚጥስ ወሰነ። ፍተሻው በአደባባይ መፈጸሙ ውርደቱን ሊያባብሰው እንደሚችልም ተመልክቷል። በገበያተኛ ፊት ጓዙ የተዘረገፈበት ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ለዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ይበልጥ የሚቀርበው የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 የወሰነው የሃሪሰን ጉዳይ ነው። አንድ ፖሊስ የፊት ታርጋ የሌለውን መኪና ሊያስቆም ሲል መኪናው የተመዘገበበት ክፍለ ሀገር የፊት ታርጋ እንደማይጠይቅ ተገነዘበ፤ ይሁንና አስቆመው። በኋላም መኪናውን ሲበረብር 35 ኪሎ ግራም ኮኬይን አገኘ። ፍርድ ቤቱ ወንጀሉ ከባድ፣ ማስረጃውም አስተማማኝ መሆኑን አምኖ፣ የፖሊሱ ጥሰት ግን ከዚህ ስለሚከብድ ማስረጃው ውድቅ እንዲሆን ወሰነ።

እነዚህ ውሳኔዎች የኢትዮጵያን ዳኛ አያስገድዱም። የጋራ ሐሳባቸው ግን በአንቀጽ 26 እና በአንቀጽ 32 ውስጥ አስቀድሞ ያለ ነው፤ መኪናው የቆመበት ምክንያት ብርበራው የሚደርስበትን ወሰን ይወስናል።

6. የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣንና ወሰኑ

የሰሜን ጎንደር መንገዶች በቅርብ ዓመታት ጦርነትና የጸጥታ ችግር አይተዋል፤ አካባቢው በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር የቆየባቸውም ጊዜያት አሉ። በአማራ ክልል ለተፈጠረው ችግር ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝንና መበርበርን ይፈቅድ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ጥር ለተጨማሪ 4 ወራት ተራዝሞ ጊዜው አብቅቷል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ የማይነኩ መብቶች አሉ፤ አንቀጽ 26 ግን ከእነርሱ መካከል አይደለም። በመሆኑም መብቱ ለጊዜው ሊገደብ ይችላል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። በአዋጁ ዘመን የተፈጸመ ብርበራ በአዋጁ ሚዛን ይመዘናል፤ አዋጁ ካበቃ በኋላ የተፈጸመ ብርበራ ግን በመደበኛው ሕግ ይመዘናል። በችግር ጊዜ የተለመደ አሠራር፣ ልማድ በመሆኑ ብቻ ሕግ አይሆንም። ዳኛው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባውም ብርበራው የተፈጸመበትን ቀን ነው።

7. ከሕግ ውጭ የተገኘ ማስረጃ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው በግልጽ ይደነግጋል። በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ዕቃን የሚመለከት ተመሳሳይ አጠቃላይ ድንጋጌ ግን በሕገ መንግሥቱም ሆነ በ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ የለም። ከዚህ ዝምታ ተነሥቶ ማስረጃው ምንጊዜም ይቀበላል ብሎ መደምደም ይቀናል። ክርክሩም ቀላል አይደለም፦ ብራናው እውነተኛ ነው፤ በዱላ የወጣ ቃል ሐሰት ሊሆን ቢችልም ጆንያ ውስጥ የተገኘ መጽሐፍ አይዋሽም።

ይህን ክርክር በአግባቡ ለመመዘን ፍርድ ቤት ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ማሰብ ያስፈልጋል። ጆንያው ተፈቶ ገብስ ብቻ የተገኘበት ገበሬ ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ ገብሱን ሰብስቦ መንገዱን ይቀጥላል። ቦርሳዋ ተዘርግፎ ምንም ያልተገኘባት ተማሪ ክስ የላትም፤ ስለዚህ መዝገብም የላትም። ዳኛው ፊት የሚደርሰው አንድ ነገር የተገኘበት ብርበራ ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ ከችሎት ወንበር ሲታይ ብርበራ ሁሉ የተሳካ፣ በርባሪ ሁሉ ትክክለኛ ይመስላል። ዳኛው በተከሳሹ መዝገብ ላይ የብርበራውን ሕጋዊነት ካልመረመረ ምንም ሳይገኝባቸው ያለፉትን ሰዎች መብት የሚመረምርበት ሌላ አጋጣሚ በተግባር የለውም። በጥፋተኛው መዝገብ ላይ የሚሰጠው ብይን ለንጹሑ መንገደኛ የሚቆም ጥበቃ ነው።

የሕግ መሠረቱም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(1) ከእርሱ ጋር የሚቃረን የመንግሥት አካል ወይም ባለሥልጣን ውሳኔና ልማዳዊ አሠራር ተፈጻሚነት እንደሌለው፣ በአንቀጽ 13(1) ደግሞ የዳኝነት አካል መብቶችን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 146 ዐቃቤ ሕግ ወይም ተከሳሽ በማስረጃ ላይ ተቃውሞ ሲያቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ማስረጃው ተቀባይነት ወዲያው እንዲወስን ያዛል። የተከሳሽ ጠበቃ ተቃውሞውን በዚህ በር ሊያስገባ ይችላል። ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነውና ፍርድ ቤት አይገባበትም የሚለው ሥጋት እዚህ ብዙ አያስኬድም፤ ዳኛው የሚያደርገው አንቀጽ 32ን በሥራ ላይ ማዋልና መብቱን ማስከበር ነው። ነጥቡ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አስገዳጅ ትርጉም ቢያገኝ ከደባርቅ እስከ ሌላው የአገሪቱ ጫፍ ያለውን አሠራር አንድ ያደርገዋል።

ይህ ማለት ጥቃቅን የሥነ ሥርዓት ጉድለት ሁሉ ማስረጃን ይጥላል ማለት አይደለም። የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50(4)፣ የደቡብ አፍሪካም በአንቀጽ 35(5) መብትን በመጣስ የተገኘ ማስረጃ የሚወጣው መቀበሉ ፍርዱን ፍትሐዊነት የሚያሳጣ ወይም የፍትሕ አስተዳደርን የሚጎዳ ሲሆን ነው ይላሉ። ይህ ሚዛናዊ መንገድ ለኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶችም ይስማማል። ዳኛው የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ሊያነሣ ይችላል።

አንደኛ፦ መኪናው የቆመው ለምን ነበር? ብርበራውስ ከዚያ ምክንያት ጋር ይያያዛል?
ሁለተኛ፦ ካልተያያዘ፣ ጆንያው ከመፈታቱ በፊት ፖሊሱ የነበረው መረጃ ምንድን ነው? ወይስ ፍተሻውን በግልጽ የሚፈቅድ ልዩ ሕግ አለ?
ሦስተኛ፦ መረጃም ልዩ ሕግም ካልነበረ፣ ጥሰቱ በቅን ልቦና የተፈጸመ ስሕተት ነው ወይስ መብትን ችላ ያለ አሠራር?

ማስረጃው ውድቅ ሆነ ማለት መጽሐፉ ለሰራቂው ይመለሳል ማለትም አይደለም። የብራናው ባለቤት ቤተ ክርስቲያኗ ናት፤ ንብረቷን የማግኘት መብቷ በወጣቱ ጥፋተኝነት ላይ አይመሠረትም። ውድቅ የሚሆነው መጽሐፉ በወጣቱ ላይ የጥፋተኝነት ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ ብቻ ነው። ዐቃቤ ሕግም ከሕጋዊ ምንጭ የተገኘ ሌላ ማስረጃ ካለው ክሱን ከመቀጠል የሚያግደው የለም።

8. «ፈቅዶ ከፈተ» የሚለው መልስ

በእንዲህ ያለ ክርክር ፖሊስ ሊያቀርበው የሚችለው ሌላው መልስ ባለቤቱ ራሱ ፈቅዶ ከፈተ የሚል ነው። መብት ያለው ሰው መብቱን ሊተው ይችላል፤ መተዉ ግን በነፃ ፈቃድ መሆን አለበት። መሣሪያ የታጠቀ ሰው «ክፈት» ሲል መክፈት ትእዛዝን መፈጸም እንጂ ፈቃድ መስጠት አይደለም። አርባ ሰው የሚጠብቀው መኪና ላይ «አልከፍትም» ማለት ደግሞ ከፖሊሱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከተሳፋሪው ሁሉ ጋር መጋጨት ነው። ስለሆነም ፍርድ ቤት ፈቃድን ሊቀበል የሚገባው ሰውየው እምቢ ማለት እንደሚችል ከፍተሻው በፊት እንደ ተነገረው ሲረጋገጥ ነው።

ለዚህም የሚረዳው ጽሑፍ ነው። መኪናው የቆመበት ምክንያትና ሰዓት፣ ብርበራው የተደረገበት ምክንያት፣ የተገኘው ዕቃ ዝርዝርና የገለልተኛ ምስክር ፊርማ በአንድ ገጽ ሊሰፍሩ ይችላሉ። ሴት መንገደኛ የምትፈተሽ ከሆነ የፈታሿ ፖሊስ ስምም አብሮ ይመዝገብ። ይህ በሚገባ የሠራውን ፖሊስም ይጠቅማል፤ ከወራት በኋላ ለምስክርነት ሲጠራ ብዙ መኪና ያየ ሰው ትዝታ ሊሳሳት ይችላል፤ በዕለቱ የተጻፈ ገጽ ግን ይረዳዋል። ምንም ያልተገኘባቸው ብርበራዎችም ቢመዘገቡ አሁን ከችሎት ዓይን የተሰወረው ክፍል መታየት ይጀምራል።

9. ማጠቃለያ

በመንገድ ላይ ጸጥታን ማስጠበቅ የፖሊስ ግዴታ ነው፤ የተሰረቀ ቅርስ በገብስ ጆንያ ተደብቆ ሊያልፍ በሚችልበት አገር የፖሊስን እጅ ፈጽሞ ማሰር አይገባም። ሕጉም አላሰረውም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 32 በአግባቡ ከተተረጎመ መረጃ ያለው ፖሊስ ማዘዣ ሳይጠብቅ መኪናን ሊበረብር ይችላል። ሕጉ የሚጠይቀው ምክንያቱ ከብርበራው እንዲቀድም ነው። ይህን ቅደም ተከተል ማስከበር የፍርድ ቤት ሥራ ሲሆን፣ መሣሪያውም በአንቀጽ 146 መሠረት በማስረጃ ላይ የሚሰጠው ብይን ነው። ዳኛው «ምን ተገኘ?» ከማለቱ በፊት «ለምን ተፈታ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ከዳባትና ከደባርቅ ችሎቶች ተነሥቶ ኬላው ድረስ ይደርሳል፤ ፖሊሱም ጆንያውን ከመፍታቱ በፊት መልሱን ማዘጋጀት ይለምዳል።